ዳኛ ሲገኝ ተናገር

በሰፈራችን ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የገጠመኝ ነገር ከሆነ ቆየት ብሏል፤ ይሁን እንጂ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የሥራ አመራሩ ለዓመታት የተጠራቀመው ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ዋጋ ከሚያጣ፣ በዕድሩ ግቢ በመንገዱ በኩል ለኪራይ የሚሆኑ ሱቆች ይሠሩበት የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። እኔ ግን እጄን አውጥቼ፣ ገንዘቡ የተዋጣው ሐዘን ለደረሰበት ቤተሰብ በዕለቱ እንዲደርስ መሆኑን፣ ሲሚንቶና ብረት ከተገዛበት በኋላ በአንድ ሳምንት ሁለት ሦስት ቀብር ቢደራረብብን ከየት አምጥተን እንደምንከፍል፣ ስለዚህም ግንባታው በሁለት ዙር ቢሆን እንደሚሻል ተናገርኩ።

ገና ሳልቀመጥ ከፊተኛው ረድፍ አንድ የአመራሩ አባል ተነሡና፣ “ወንድሜ፣ ለመሆኑ ማን ልኮህ ነው?” አሉኝ። ከኋላ በኩል ጭብጨባ ተነሣ። ከጭብጨባው ይልቅ ዓይኔ ያረፈው በቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ላይ ነበር። ጸሐፊው እኔ ስናገር በትጋት ሲጽፍ ቆይቶ፣ ጥያቄው ሲሰነዘር እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሣ፤ ይህም ይጻፍ እንደሆነ በዓይኑ ለመጠየቅ ወደ ሰብሳቢው ዞረ፤ ሰብሳቢውም መልስ ሳይሰጡት ጠረጴዛውን ተመለከቱ። በዚያች አፍታ ስለ ቀብሩ ገንዘብ ያነሣሁት ነገር ከአዳራሹ ወጥቶ መሄዱ ታወቀኝ። የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የሚመረመረውም እኔው ሆንኩ።

የዚያን ቀን ስብሰባ መልክ የለወጡት ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው ፍርድ ቤት በጽሕፈት ሥራ እንዳገለገሉ በኋላ ነገሩኝ። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ “መጀመሪያ ያለውን መልሱለት። የላከው ሰው ካለ ከዚያ በኋላ እንጠይቀዋለን” አሉ። ቀጥለውም ጥያቄዬን እኔ ካልኩት ይልቅ አጥርተው ራሳቸው ደገሙት፦ “ቀብር ቢደራረብ ከየት እንከፍላለን ነው የሚለው። ከየት ነው የምንከፍለው?”

አዳራሹ ዝም አለ። ከዚያ ገንዘብ ያዧ ተነሡ፤ መዝገባቸውን ገልጠው ባለፉት ዓመታት በአንድ ወር ከፍተኛው ወጪ ስንት እንደነበረ አነበቡ፤ ለአደጋ ጊዜ ሊቀመጥ የሚገባውን መጠንም ገመቱ። ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ዘለቀ። ድምፅ ሲሰጥ አዛውንቱ ቆጣሪዎች ከሁለቱም ወገን ይመረጡ አሉ፤ ልዩነቱ ጠባብ ስለነበር እጃችን ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። የእኔ ወገን ተሸነፈ። ሱቆቹ ዛሬ ጣሪያ ለብሰዋል፤ እኔም መዋጮዬን እየከፈልኩ ነው።

በኋላ ራሴን የጠየቅሁት ይህንን ነው፦ መሸነፌ ቅሬታ ሳያሳድርብኝ፣ ከሽንፈቱ በፊት የመጣው አንድ ጥያቄ ግን ይህን ያህል የከነከነኝ ለምንድን ነው?

ጥያቄው ምን ይሠራል?

“ማን ላከህ?” የሚለው ነገር በጥያቄ መልክ ይቅረብ እንጂ መልስ የሚፈልግ አይደለም። “ማንም” ቢሉ፣ የተላከ ሰውም የሚለው ይህንኑ ስለሆነ ጥርጣሬውን ያጠነክራል። ቢቆጡ፣ ቁጣው እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። ዝም ቢሉ፣ ዝምታው እንደ እምነት ቃል ይወሰዳል። ጠያቂው ግን ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል ሳይናገር፣ አንዲት አኃዝ ሳይጠቅስ አሸንፎ ይቀመጣል። “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” የሚለው ምክር እዚህ ላይ ተገልብጦ ይሠራበታል፤ የነገሩ ሥር ተትቶ የተናጋሪው ሥር ይቆፈራል።

ይህ በአንድ ዕድር አዳራሽ የተወለደ ልማድ አይደለም። በ1968 ዓ.ም. ኢሕአፓና መኢሶን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ገጾች ላይ ሳይቀር ስለ አብዮቱ አቅጣጫ ይከራከሩ ነበር፤ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም ወይስ ደርግን በሂሳዊ ድጋፍ እየገፉ መሄድ ይሻላል የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነበር። የሁለቱም መሪዎች በአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ ውስጥ ያለፉ፣ ተመሳሳይ መጻሕፍት ያነበቡ፣ በአንድ ርዕዮተ ዓለም ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ወገን “ባንዳ” ሲባል ሌላው “አናርኪስት” ተባለ። ስያሜው ከተለጠፈ በኋላ የሰውየውን ጽሑፍ ማንበብ አላስፈለገም። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ በየቤታችን ፎቶግራፉ የተሰቀለ አለ።

ዛሬ ቃላቱ ተለውጠዋል፤ አንዳንዶቹ ግን እንዲያውም አልተለወጡም። አዲስ አበባ ላይ በሬዲዮ፣ ዋሽንግተን ላይ ደግሞ በማኅበረሰብ አዳራሽ ወይም በስልክ በሚተላለፍ የቀጥታ ውይይት አንድ ሰው ከተሰብሳቢው ስሜት የሚቃረን ሐሳብ ሲያነሣ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ የሚጠየቀው የትውልድ ቦታው፣ የቀድሞ ሥራው፣ የወንድሙ ሹመት ነው። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። እኔን የጠየቁኝ ሰው ግን ሐዘን ሲደርስብን ድንኳን ተክለው፣ ሌሊቱን ከሐዘንተኛው ጋር የሚያነጉ ደግ ሰው ናቸው። ደግ ሰው እንዲህ እንዲናገር የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለው ሐሳብ ወደ አንድ የሩጫ ውድድር ወሰደኝ።

የሲድኒው ምሽት

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ የደመራ ዋዜማ፣ በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ተካሄደ። የመጨረሻው ዙር ላይ መስመሩ ሊደርስ 250 ሜትር ገደማ ሲቀር ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ተፈተለከ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተከተለው፤ በመታጠፊያው ላይ ግን ርቀቱ የሚጠብብ አይመስልም ነበር። ቀጥታው ላይ ግን ኃይሌ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ ጥቂት እርምጃ ሲቀር ደረሰበት፤ በደረቱም ቀደመው። ሰሌዳው ለኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ለቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ አሳየ። ሃያ አምስት ዙር ሮጠው የለያያቸው ጊዜ፣ በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ ከተለያዩበት ያነሰ ነበር። የነሐሱን ሜዳሊያ አሰፋ መዝገቡ ወሰደ።

ይህ ሽንፈት ለቴርጋት የመጀመሪያው አልነበረም። በሐምሌ 1988 አትላንታ ላይም ከኃይሌ ቀጥሎ ብር ነበር ያገኘው፤ በ1989 አቴንስ፣ በ1991 ሴቪያ በተካሄዱት የዓለም ሻምፒዮናዎችም እንዲሁ። በሀገር አቋራጭ ውድድር ግን የዓለም ሻምፒዮናን አምስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈው ቴርጋት ነው። በነሐሴ 1989 ብራስልስ ላይ የኃይሌን የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን በ26 ደቂቃ ከ27.85 ሰከንድ ወሰደበት፤ ኃይሌ በግንቦት 1990 ሄንጌሎ ላይ በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ አስመለሰው። በመስከረም 1996 ቴርጋት በርሊን ላይ ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ኃይሌ ደግሞ በሚሊኒየሙ መስከረም፣ በዚያው ከተማ፣ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ ያንን ሰዓት አሻሻለ። ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ አንዱን ለብቻው ነጥሎ የኃይሌ ብቻ ወይም የቴርጋት ብቻ ማለት ይከብደኛል። እያንዳንዱ ሰዓት ለሌላው ሰዓት የተሰጠ መልስ ነው።

የሁለቱን ወዳጅነት ሁልጊዜ ከመልካም ጠባያቸው ጋር አያይዘን እናወራለን። ጠባያቸው መልካም መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ብዙ ካሰብኩበት በኋላ፣ ወዳጅነቱን ያጸናው ሌላ ነገርም እንደነበረ አመንኩ፤ እርሱም መስመሩ ላይ የተተከለው ካሜራ ነው። ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ በሰው ዓይን ቢዳኝ ኖሮ፣ አንዱ ዳኛ ለአንዱ አዳላ ተብሎ፣ ናይሮቢና አዲስ አበባ እስከ ዛሬ በተጣሉበት ነበር። ማሽኑን ማንም ስላልጠረጠረው ቴርጋት ኃይሌን የሚጠላበት ምክንያት አልተፈጠረም። ተሸናፊው የተሸነፈው በሩጫ እንጂ በሴራ እንዳልሆነ ሲያውቅ፣ ባላጋራው በሚቀጥለው ውድድር የሚያገኘው ሰው ሆኖ ይቀራል።

በእግር ኳስ የምናየው የዚህ ተቃራኒ ነው። የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊዎች በዜማና በቀለም ሲወዳደሩ ማየት የከተማችን ደስታ ነው፤ ደስታው ወደ ጠብ የሚለወጠው ግን ብዙ ጊዜ ጎል ሲቆጠር ሳይሆን ፊሽካው ሲጠረጠር ነው። አንድ ጊዜ ዳኛው ተገዝቷል የሚል ወሬ ከተነዛ፣ በተቃራኒው ጥላ ፎቅ ላይ የተቀመጠው ጎረቤት ሌባ ሆኖ ይታያል።

የመንገድ ዳኛ

አዛውንቱን ከስብሰባው በኋላ እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው። እንዲህ የሚናገሩበትን ድፍረት ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸው፣ “አባቴ ተሟጋች ነበሩ” ብለው የልጅነታቸውን ሙግት አወሩልኝ። በዚያ ዘመን ሥርዓት ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛ አስቁመው፣ ፍርድ እንዲሰጣቸው ሊያስገድዱት ይችሉ ነበር፤ መንገደኛውም ጥሎ መሄድ ነውር ነበር። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል የሚባለው ለዚህ ነው። ከሳሹ ነጠላውን አደግድጎ፣ “በላ ልበልሃ!” እያለ ነገሩን በተዋበ ቃል ይዘረዝራል፤ ተከሳሹ ቆሞ ይሰማል፤ ተራው ሲደርስ በተጠየቀው ልክ ይመልሳል። አበዳሪና ተበዳሪ ተቆራኝተው፣ አንድ መንገድ እየሄዱ፣ አንድ ጥላ ሥር እያረፉ ወደ ዳኛ ይደርሱ ነበር።

ያንን ዘመን ለማሞገስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ጭሰኛ ባለርስቱን ከሶ የሚረታበት ዕድል ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ፣ ሴት ለራሷ መሟገት ምን ያህል ይከብዳት እንደነበር አውቃለሁ፤ ቁራኛውም ለድሃው ሰንሰለት እንጂ ጨዋታ አልነበረም። ትኩረቴን የሳበው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ባላጋራን ሳይሰሙ መርታት አይቻልም ነበር። ተከሳሹ “ይህን ሰው ማን ላከው?” ብሎ ቢጀምር፣ ዳኛው መጀመሪያ የሚሻው ለክሱ የሚሰጠውን መልስ ነው። ሰሚው ሕዝብም የሚያደንቀው የተጠየቀውን ሳያመልጥ የመለሰውን ነበር፤ ስለዚህ ጭብጨባው ራሱ ወደ ነገሩ ይመራ ነበር።

አዛውንቱ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የእኔን ሐሳብ አልደገፉም፤ እንዲያውም ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን ያወጡት ለሱቆቹ ነው። እኔን ተቃውመው ሳሉ ሐሳቤ መልስ ሳያገኝ እንዳይቀበር ቆሙ። ይህን ስረዳ ከድጋፍ የበለጠ አከበርኩት።

1997

ከዚህ በኋላ ስለ 1997 ዓ.ም. ሳላስብ መቅረት አልቻልኩም። ከምርጫው በፊት በነበሩት ወራት ኢሕአዴግ፣ ቅንጅትና ኅብረት በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት ሲከራከሩ ሀገሩ በሙሉ ያዳምጥ ነበር። መሬት የመንግሥት ይሁን ወይስ የገበሬው፣ የፌዴራሉ አወቃቀር ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን ሚኒስትሩ ሲናገር ተቃዋሚው ማስታወሻ ይይዛል፤ ተቃዋሚው ሲናገር ሚኒስትሩ ይሰማል፤ ቢያንስ የመሰማት ግዴታ ነበረበት። ምግብ ቤቱ፣ ቡና ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ ሳይቀር ክርክሩን ከፍቶ ይውል ነበር። ከክርክሩ ማግስት ሰዎች ስለ መልሱ ሲከራከሩ የሰማሁበት ዘመን ያ ነው፤ “ለእርሷ ጥያቄ እኮ አልመለሰም” የሚል ትችት ከሊስትሮው አፍ ሳይቀር ይወጣ ነበር።

ሚያዝያ 29 የኢሕአዴግ፣ ሚያዝያ 30 የቅንጅት ደጋፊዎች መስቀል አደባባይን ሞሉት። ሁለቱም ሰልፎች በሰላም ተበተኑ። ግንቦት 7 ሕዝቡ ከንጋት በፊት ጀምሮ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ባላጋራዎቹ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው ቆጠራው ላይ ነው። በዚያው ምሽት በመዲናዪቱ ሰልፍና ስብሰባ ለአንድ ወር ተከለከለ፤ ሁለቱም ወገን አሸነፍኩ አለ፤ ምርጫ ቦርድን ተሸናፊው አላመነውም። ከዚያ በኋላ ለሚነሣ ለማንኛውም ጥያቄ መልሱ “ማን ላከህ?” ሆነ። በሰኔና በጥቅምት መጨረሻ በተነሣው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ አረጋገጠ፤ የተቃዋሚ መሪዎችም ታሰሩ።

የክርክሩ ተሳታፊዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ሌሎች ሰዎች አልሆኑም። ሚያዝያ ላይ በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡት ናቸው ጥቅምት ላይ አሳሪና ታሳሪ የሆኑት። መካከል ላይ የጠፋው ሁለቱም የሚያምኑት ቆጣሪ ነው። “ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር” የሚለውን ተረት ብዙ ሰው እንደ ጥንቃቄ ምክር ይወስደዋል፤ እኔ ግን ከዚያ ዓመት ወዲህ እንደ ማስጠንቀቂያ እሰማዋለሁ። ዳኛ ከሌለ ንግግሩ ራሱ ሌላ ነገር ይሆናልና።

ባዶው ወገን

በ2002 ምርጫ ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች አንዱ ብቻ ለተቃዋሚ ፓርቲ ደረሰ። በ2007 አንድም አልቀረም፤ 547ቱም በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ። ያኔ ይህን እንደ ታላቅ ድል የቆጠሩ ነበሩ። ምክር ቤቱ ሥራ በጀመረ ሁለት ወር ሳይሞላው ግን፣ በኅዳር 2008፣ ጊንጪ ላይ ተማሪዎች ወጡ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ኦሮሚያ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ገበሬውን ከመሬቱ ያፈናቅላል የሚለው ጥያቄ አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ ሊጠይቀው፣ አንድ ሚኒስትር በአኃዝ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ጠያቂ ስላልነበረ በመንገድ ላይ ተጠየቀ፤ በመንገድ ላይ ለሚነሣ ጥያቄ ደግሞ መልስ የሚሰጠው ሚኒስትር ሳይሆን ጥይት ነበር። ፕላኑ ጥር ላይ ቢሰረዝም ጊዜው አልፎ ነበር።

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ጥያቄው ሪዮ ደረሰ። ፌይሳ ሌሊሳ የኦሊምፒኩን ማራቶን ከኬንያዊው ኤልዩድ ኪፕቾጌ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ሲፈጽም ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉም ብለው የተቆጡ ነበሩ፤ ቅሬታቸውን እረዳለሁ፤ ኦሊምፒክም ይህን የሚከለክል ደንብ አለው። ነገር ግን ያ ሰው በሩጫው ስለተሸነፈ ቅሬታ አላሰማም። ሪዮ ላይ የሚያምነው ዳኛ ነበረውና ብሩን በደስታ ተቀበለ። ያጣው የሀገሩን ዳኛ ነው። መንግሥት ቢመለስ ምንም እንደማይገጥመው ሲናገርም ሊያምን አልቻለም፤ ወደ አሜሪካ ሄደ። እኔ ያንን ምልክት ያነበብኩት እንደ ስፖርት ጥሰት ሳይሆን፣ ቦታውን ያጣ ክርክር መጨረሻው የት እንደሚደርስ አድርጌ ነው።

ፌይሳ ወደ ሀገሩ የተመለሰው በጥቅምት 2011 ነው። በቀጣዩ ወር የቀድሞዋ ዳኛ፣ በ1997 ከቅንጅት መሪዎች አንዷ የነበሩትና ሁለት ጊዜ የታሰሩት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። ተከሳሽ የነበረ ሰው ቆጣሪ ሲሆን ያየሁበት ያ ሳምንት በሕይወቴ ተስፋ ካደረግሁባቸው ጥቂት ሳምንታት አንዱ ነው፤ ሹመቱ ትክክል ነበር ብዬም ዛሬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫው ሲካሄድ ኦፌኮና ኦነግ ጽሕፈት ቤቶቻችን ተዘግተዋል፣ አባሎቻችን ታስረዋል ብለው ከውድድሩ ወጥተው ነበር፤ ትግራይ በጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ውጤት ከተነገረባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ብልጽግና ወሰደ። የቦርዱ ሰብሳቢ የቱንም ያህል ቀና ቢሆኑ፣ ወደ መሙ ያልገባን ሯጭ ሰዓት ሊይዙለት አይችሉም። የምክር ቤቱ ስብሰባ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አሁንም እከታተላለሁ፤ የምቆጥረውም አጨብጫቢዎቹን ሳይሆን፣ የሚከብድ ጥያቄ ለማንሣት እጃቸውን የሚያወጡትን ጥቂቶች ነው፤ ከዚያም የሚሰጣቸው መልስ ስለ ጥያቄው ይሁን ወይስ ስለ ጠያቂው ጆሮዬን አቁሜ አዳምጣለሁ።